በወይዘሮ ብርነሽ ግቢ ጨው ያለቀ ዕለት

ቅዳሜ ሐምሌ 15 ቀን 1998 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ በወይዘሮ ብርነሽ ግቢ ውስጥ ጨው ማለቁን እገልጻለሁ። ያለቀው በአንድ ቤት አይደለም። በአራት ቤት ነው፣ ያውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ። አራታችንም ተራ በተራ እየሄድን የአምስተኛዋን ተከራይ የቦሼን በር አንኳኳንና ጨው ጠየቅናት። አልከፈተችም።

ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ሚስት የለኝም፤ ምግቤን የምበላው ሆቴል ነው። ቤቴ ውስጥ ጨው ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ሊያልቅብኝም አይችልም።

ግቢው ከገበያው በላይ ነው። ሰማዩ ሲጠራ የዳሞታ ተራራ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ ይላል፤ ክረምቱን ግን አይታይም፤ እኛም አንፈልገውም። ትልቁ ቤት የባለቤቷ የወይዘሮ ብርነሽ ነው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጥጥ እየፈተለች ተከራይ ትጠብቃለች። ከአጥሩ ጋር በተሠሩት ክፍሎች በአንደኛው አቶ ቦልቴ አለ፤ አስተማሪ ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው፤ እንኳን ሊዋሽ ሲቀልድም የሚጨንቀው ሰው። ቀጥሎ ጥሩነሽ አለች፤ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ጥሩነሽ ጠዋት የሰማችውን ወሬ እስከ ቀትር ይዛ ከቆየች አሞኛል ትላለች። ከዚያ የኔ ክፍል ነው፤ በሱ ትይዩ የቦሼ።

ቦሼ የመጣችው የዚያን ዓመት ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እንዳለፈ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጥራለች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው ይባላል፤ ንግግሯ ግን ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን ከሩቅ ሄዳ የምታመጣው ይመስላል። በላይኛው ከንፈሯ ላይ ሽንብራ የምታህል ጠባሳ አለች። የክፍሏን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች። ሰው ሲያናግራት እጇ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ መኖሩን አረጋግጣ ነው የምትመልሰው።

ፍራሿን ከጉኑኖ ተሸክሞ ያመጣው ታላቅ ወንድሟ ጦና ነበር። ጉኑኖ ውስጥ ሱቅ አለው። በዚያው ቀን አንድ ሬዲዮ ይዞ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ፈትቼ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ገጥሜ ስሰጠው መልሶ እንድፈታው ለመነኝ። ስፈታው በሩን ገፋ አደረገና ነገረኝ።

እህቱ የሚጥል በሽታ አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ። ኦቶና ሆስፒታል በየወሩ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ትውጣለች፤ መድኃኒቱን ካላቋረጠች ደህና ናት። ለስምንት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። እሳት አጠገብ አትደርስም፣ ውሃ አትቀዳም፣ ገበያ አትሄድም፤ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ሰው ይከተላታል። በስንት ልመና ነው ታይፕ የተማረችው። አሁን ብቻዬን ካልኖርኩ አለች። እሱም ፈቀደ፤ ግን አንድ ግዴታ ጥሎባታል። ከጊፋታ እስከ ጊፋታ ዓመት ትሞክር። ሰው ካወቀባት ግን ይዟት ይመለሳል። ለማግባት የደረሱ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ በዘራቸው አለ ከተባለ ማን ይጠይቃቸዋል?

ታዲያ ለምን ነገርከኝ አልኩት።

«ብቻውን ቢሞትስ?» አለ። ጦና በወላይትኛ ሲናገር የተከበረ ሽማግሌ ነው ይባላል፤ በአማርኛ ግን ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ያሳልፋል።

ከዚያ ከኪሱ አንድ ክብሪት አወጣ። ስትወድቅ ጭሬ ጭሱን እንዳስሸትታት አዘዘኝ። በክብሪቱ ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ መስመር ነበር፤ ከሱቁ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ እንደዚያ እንደሚያሰምርበት ነገረኝ፤ ከሌላ ሱቅ የተገዛ መልሰው እንዳያመጡበት ነው። ማወቄን ለሷም ለሌላም እንዳልናገር በሚካኤል አስማለኝ። «በግቢው ውስጥ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። በሕይወቴ ሰው አደራ ብሎ የሰጠኝ የተበላሸ ዕቃ ብቻ ነው። ክብሪቱን ከደረት ኪሴ አልለየሁትም። ሲጋራ ስለማላጨስ ሰው እንዳያይብኝ እጠነቀቅ ነበር።

ጥበቃዬን የጀመርኩት በማግስቱ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሬዲዮ ይዤ ወደ ክፍሏ እሄዳለሁ፤ ዜና እንስማ እላለሁ። ሐሳቤ አንድ ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ስትውጥ አጠገቧ ለመሆን ነው። ስትውጥ አንድም ቀን አላየሁም። ዓይኔን ስጨፍን ትውጠዋለች ብዬ ደመደምኩ።

እንደ ልቤ እንዳልጠብቃት ያደረጉኝ ሌሎቹ ናቸው። እኔ ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ጥሩነሽ የገበያውን ወሬ ይዛ ትገባለች። አቶ ቦልቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ፣ እኅት ቦሼን አንድ ጥቅስ ላሳያት ብዬ ነው እያለ ይመጣል። ወይዘሮ ብርነሽ እንዝርቷን ይዛ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እዚህ ብርሃኑ ይሻላል ትላለች፤ አምፖሉ ግን በየክፍሉ ያው አርባ ሻማ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ብዛቱ ብዬ አዝን ነበር። እነሱ ካልሄዱ እኔ አልሄድም፤ እኔ ካልሄድኩ እነሱ አይሄዱም። ቦሼ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልፏን እያሻሸች ታዛጋለች። ዜናው አልቆ ዘፈን ይመጣል፤ አቶ ቦልቴ ለዘፈኑ ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ከመቀመጫው ግን አይነሳም።

ክረምት እስኪገባ እንደዚህ ቆየን። ከዚያ ጨው ያለቀበት ቅዳሜ መጣ።

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላቆመም ነበር። ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ከትይዩው ክፍል ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ አልጋው ግድግዳውን ደጋግሞ መምታት ጀመረ። ክብሪቱን ጨብጬ በአንድ እግር ጫማ ጭቃውን ተሻገርኩ። ጥሩነሽ ከበሩ ላይ ስትመለስ አገኘኋት። ነጠላዋን በዝናብ አርሳለች። «ጨው ልጠይቃት ነበር» አለችኝ። ድንገት ተይዤ ሌላ የምለው አጣሁና «እኔም» አልኳት። ባዶ እግሬን አየችው፤ ወደ ክፍሏ ሄደች።

በሩን ገፋሁት። መቀርቀሪያው ከውስጥ ገብቷል። መቀርቀሪያው ቀጭን ነው፤ በትከሻ አንድ ጊዜ ቢመታ ይነቀላል። ግን ጨው የሚፈልግ ሰው በር አይሰብርም። ከሰበርኩ ማወቄን ታውቃለች፤ ካወቀች ጉኑኖ ትመለሳለች። አንኳኳሁ። «ቦሼ፣ ጨው አለሽ?» አልኩ። ከውስጥ መጋዝ የሚመስል ትንፋሽ ይሰማል። ጥቂት ቆሜ ወደ ክፍሌ ተመለስኩና በመስኮት ማየት ጀመርኩ። አቶ ቦልቴ ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨው ጠየቀ፤ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆየና ሄደ። ወይዘሮ ብርነሽ መጣች፤ የራሷ በር ነው፣ የራሷ መቀርቀሪያ ነው፤ እሷም ጨው ጠይቃ ተመለሰች። የዚህ ግቢ ሰው አስቤዛ የሚገዛው አንድ ቀን ነው መሰለኝ ብዬ ተገረምኩ።

ቦሼ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ወጣች። ቀሚሷን ቀይራለች፤ በነጠላ አፏን ሸፍናለች። ጨው በአራት ወረቀት ጠቅልላ ለያንዳንዳችን አደለችን። ምላሷ ታስሮ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ይቅርታ አድርጉልኝ አለች። ወረቀቱን ተቀበልኳት፤ አመሰገንኳትም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደም ነበረበት። እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ጊፋታ ሊገባ ሲል፣ በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቦሼ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። ቅዳሜ ጦና ሊመጣ ነው። ቆማ የተሰቀሉትን ሬዲዮዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጋሽ ተክሌ፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀው ነገር አለ። ልንገርዎት?»

ተቀመጪ አልኳት። አልተቀመጠችም።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ።»

የምበይድበት ካዊያ በእጄ ነበር። አውቃለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ስሙንም ሰምቼው የማላውቅ መሰልኩ። እንዴ፣ አንቺ፣ አይመስለኝም፣ እያልኩ አንገቴን ነቀነቅሁ። በጣም ተሳክቶልኝ ነው መሰለኝ እሷው ልታጽናናኝ ጀመረች። «አይፍሩ፤ አይተላለፍም» አለችኝ።

ከዚያ ተቀመጠችና ነገረችኝ። እዚህ ከመምጣቷ በፊት አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ወድቃ አታውቅም ነበር። መድኃኒቱ በሰዓቱ ከተዋጠ ይሠራል። እዚህ ግን በሰዓቱ መዋጥ አልቻለችም። ማታ ማታ ግቢው በሙሉ ክፍሏ ይሰበሰባል፤ ሰው እያየ መዋጥ አትችልም፤ የምን ኪኒን ነው ቢሏትስ? እስክንሄድ ትጠብቃለች። መድኃኒቱ በባሕሪው ያደክማል፤ ቀኑን ሙሉ ታይፕ ስትመታ ውላለች፤ አንዳንድ ቀን ስንሰነባበት በተቀመጠችበት እንቅልፍ ይወስዳታል። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ሳትውጥ አደረች። በአራተኛው ቀን ወደቀች። ግንቦት ላይም መሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ወድቃ ነበር፤ ማንም አላየም።

«ጉኑኖ ሰው ስለሚጠብቀኝ ነበር የሚመረኝ» አለች። «እዚህ ደግሞ ሰው ወዶኝ ታመምኩ። ይገርማል።»

የሆስፒታሉ ነርስ በሩን ከውስጥ እንዳትቀረቅር መክራት ነበር። እሷ ግን የማይቀረቀር በር ሰው ይጠረጥራል ብላ ፈራች። «ሐምሌ ላይ ስነቃ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሰው በር ላይ ጨው ይጠይቃል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። መጮህ ፈለግሁ፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። አንዱ እንኳ ቢያውቅ ኖሮ በሩን ይሰብር ነበር አልኩ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ካዊያው የጠረጴዛውን ላስቲክ እያቀለጠ መሆኑን ያየችው እሷ ናት፤ ነቀለችልኝ።

ብወድቅ እንዲህ ያድርጉልኝ አለች። በጎኔ ያስተኙኝ፤ ከራሴ ሥር ልብስ ነገር ያድርጉ፤ አፌ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ሰዓት ይመልከቱ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ኦቶና ያድርሱኝ። ታይፕ የተመታ ያህል ቀጥ አድርጋ ነው የዘረዘረችው። «ክብሪት ግን አይጫሩ። ጭሱ ምንም አይሠራም። ይህችን ያደረገችኝ ክብሪት ናት።» ጣቷን ከከንፈሯ ጠባሳ ላይ አደረገች። ክብሪቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስተነፍስ ከፍ ዝቅ የሚል መሰለኝ።

ከኔ የፈለገችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሌሎቹን በዘዴ ማታ ማታ እንዳይመጡ እንዳደርግላት። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ለወንድሟ ማንም አያውቅም ስትል ዝም እንድልላት። «እርስዎ ስላወቁ ትንሽ ውሸት ይሆንብኛል። ግን የነገርኩዎት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይቆጠሩም አይደል?»

አልቆጠርም አልኳት።

ልትወጣ ስትል ከዛሬ ጀምሮ መቀርቀሪያውን እንደማትዘጋ ነገረችኝ። አሁን የሚያውቅ ሰው አለ።

እኔ በዚያው ማታ ወደ ክፍሏ ሳልሄድ ቀረሁ። ሌሎቹን ለማስቀረት ግን ምክንያት ማቅረብ አለብኝ፤ ምክንያቱን ከተናገርኩ ደግሞ ምሥጢሩ ወጣ። የሬዲዮው ባትሪ አልቋል አልኳቸው። ያለ ሬዲዮ ገቡ። ጉንፋን ይዟታል፣ ትረፍ አልኳቸው። ጉንፋን ከያዛትማ ብለው ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ገቡ። ረቡዕም ሐሙስም በመስኮቴ ሆኜ ክፍሏ ውስጥ ጥላቸውን አየሁ። ዓርብ ዕለት ጠዋት ስንገናኝ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

ቅዳሜ ጦና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር በጆንያ ሞልቶ መጣ። ወይዘሮ ብርነሽ ቀቀለችው፤ ማባያ የሚሆን የቃሪያ ዳጣም ተዘጋጀ፤ ቀኑ ፀሐያማ ስለነበር በረንዳው ላይ አግዳሚ አውጥተን ተቀመጥን። ዳሞታ ከክረምት በኋላ ጥርት ብሎ ይታያል። ጦና ኮት ለብሷል፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያንዳንዳችንን በተራ ጠየቀን። እህቱ ዓመቱን እንዴት ከረመች? ጤናዋስ?

ወይዘሮ ብርነሽ ሃያ ዓመት ቤት ሳከራይ እንደሷ ያለ ጤነኛ ገጥሞኝ አያውቅም አለች። ጥሩነሽ በዚህ ግቢ የምታመመው እኔ ብቻ ነኝ ብላ ወገቧን ይዛ አሳየች። አቶ ቦልቴ ብድግ አለ። ራስ ምታት እንኳ ሲነካት አላየሁም አለ፤ ይህንን ሲል ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ቶሎም ተቀመጠ። እየጸለየላት ነው መሰለኝ አልኩ። ተራው ደረሰኝ። ፍጹም ጤነኛ ናት አልኩ።

ጦና በያንዳንዱ መልስ ላይ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ምን ያህል አስመሳይ ነው አልኩ በልቤ። ማስመሰሉን የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቦሼ በመጨረሻ፣ በኔ በኩል ሳታይ፣ ማንም አያውቅም አለችው በወላይትኛ። ጦና ኮፍያውን አንስቶ አደረገ። ለሁላችንም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገረ። «እንግዲያውስ ቦሼ እዚሁ ይኑር።»

እጇ ወደ ቁልፏ ሄደ። ከዚያ ስትስቅ ሰማኋት፤ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ኖረን ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ትሪውን ላዙር ብላ ተነሳች። የነጠላዋ ጫፍ በአግዳሚው እግር ተይዞ ነበር። ትሪው ዘመም አለ፤ ቦዬው በረንዳው ላይ ተንከባለለ። ቦሼ በጉልበቷ ወደቀች፤ አንዱ ቦዬ ከአግዳሚው ሥር ገብቶባት ግንባሯን እስከ መሬት ዝቅ አደረገች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ አልለቅ ብሏት ነው።

አራት ክብሪት ተጫረ።

የመጀመሪያው የኔ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አይጫሩ የተባልኩት እኔ። አቶ ቦልቴ የራሱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ማኅደር ውስጥ ነው ያወጣው። ጥሩነሽ ከመቀነቷ። ወይዘሮ ብርነሽ ከጥጥ መያዣው ሥር። በጠራራ ፀሐይ እሳቱ በደንብ አይታይም፤ ጭሱ ግን ይሸታል። አራታችን እርስ በርስ ተያየን። ክብሪቱን ማንም አላጠፋም፤ እፍ ያለ ሰው መጫሩን ማመኑ ነው።

ቦሼ ቦዬዋን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። አራቱን እሳት አየች። ወደ እኔ እጇን ዘረጋችና ክብሪቱን ከነቤቱ ወሰደችው። ገለበጠችው፤ ሰማያዊውን መስመር አየችው። ወደ አቶ ቦልቴ እጅ አየች፣ ወደ ጥሩነሽ፣ ወደ ወይዘሮ ብርነሽ። በሁሉም ላይ አለ። ወንድሟን አየችው። ጦና የጫማውን ክር ያያል፤ ቀኝ እጁ ኮት ኪሱ ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

የተንከባለለውን ቦዬ አንድ በአንድ ለቅማ ትሪው ላይ መለሰችው። ትሪውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«ጨው ያለው ሰው አለ?» አለች።

የአቶ ቦልቴ ክብሪት ጣቱን ሲያቃጥለው ያለ ድምፅ ጣለው።

ጦና ተነሳ። ሰው ካወቀ ይዤሽ እሄዳለሁ ያለው እሱ ነው፤ አሁን ሰው ማወቁን እሷም አውቃለች፤ ያንን ቃሉን ደግሞ ለያንዳንዳችን ነግሮናል። መዳፉን ዘረጋና በፊታችን እየዞረ ክብሪቶቹን መልሶ ሰበሰበ። ወይዘሮ ብርነሽ ሰጠችው፣ አቶ ቦልቴ ሰጠው፣ ጥሩነሽ ሰጠችው። የኔን ከቦሼ እጅ ነው የተቀበለው። ባለሱቅ ነውና ከጆሮው አስጠግቶ ነቅነቅ አደረገው፤ ጎደሎ መሆኑን ሰማ፤ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ፍራሹን ሊያወጣ ወደ ክፍሏ ሄደ። መቀርቀሪያው ክፍት ነበር።